አሮጌ ፒካፖቻችንን በገዛ እጃችን እንድንጠብቅ ማን ያስተምረን?

ለተከበረው ጋዜጣችሁ ዝግጅት ክፍል፣

ባለፉት ሳምንታት በአንባቢያን ገጻችሁ ላይ ስለ ጋራዥ ዋጋ መናርና ስለ መለዋወጫ መወደድ የወጡትን አስተያየቶች አንድም ሳላስቀር አንብቤአለሁ። ጸሐፊዎቹ ያነሡት ብሶት እውነት ነው፤ እኔም ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ ያስቆጠረች ፒካፕ የምነዳ ሰው በመሆኔ ችግሩን ከሩቅ አልሰማውም። ነገር ግን መንግሥት፣ አስመጪና ጋራዥ በየተራ በተወቀሱበት በዚህ ውይይት ውስጥ እኛ ባለ መኪኖች ስለ ራሳችን ድርሻ አንድም ቃል አለመተንፈሳችን አሳስቦኛል። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው የአሮጌ ፒካፕ የዘወትር ጥበቃና ቀላል ጥገና የባለቤቱ ሥራ መሆን እንዳለበት ለማስረዳት፣ ለዚህም የሚያግዝ በአማርኛ የተዘጋጀ ትምህርትና መመሪያ እንዲኖረን ለመጠየቅ ነው።

ጡረታ የወጣሁ የፊዚክስ መምህር ነኝ፤ ነዋሪነቴም ደብረ ብርሃን ነው። በ2007 ዓ.ም. የገዛኋት መኪና እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1999 የተሠራች ነጠላ ጋቢና ቶዮታ ሃይሉክስ ስትሆን፣ ሞተሯ በየጋራዡ «ፋይቭ ኤል» እየተባለ የሚታወቀው 2,986 ሲሲ የናፍጣ ሞተር ነው። ይህ ሞተር ተርቦ (አየር በግፊት ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የለውም፤ ናፍጣውን መጥኖ ለየሲሊንደሩ የሚያከፋፍለውም ኮምፒውተር ሳይሆን ፖምፓ ስለሆነ፣ አብዛኛው ሕመሙ በዓይን የሚታይ፣ በጆሮ የሚሰማና በእጅ የሚዳሰስ ነው። በከተማችን ዙሪያ ላሉ የወተት ላም አርቢዎች ፉርሽካ አመላልስባታለሁ፤ ወቅቱ ሲደርስም ከሸዋ ሮቢት ሽንኩርትና ማሾ ጭኜ እወጣባታለሁ። መንገዱን የሚያውቅ አንባቢ ይህ ለመኪና ምን ማለት እንደሆነ ይረዳል፦ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ካለችው ደብረ ብርሃን ተነሥተን፣ ጣሊያን በወረራው ዘመን በቆፈረው የጣርማ በር ዋሻ ከ3,000 ሜትር በላይ እናልፍና፣ በደብረ ሲና ቁልቁለት አድርገን 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ወዳለችው ሸዋ ሮቢት እንወርዳለን። መኪናዬ ጠዋት ውርጭ ላይ ተነሥታ ቀትር ላይ በቆላው ሐሩርና አቧራ ውስጥ ትውላለች፤ ማታ ደግሞ ያንኑ ዳገት ተጭና ትመለሳለች።

ጉዳዩን አሁን ማንሣቴ ያለ ምክንያት አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገሉ ተሽከርካሪዎችን ከውጭ ማስገባት እጅግ ውድ አድርጎታል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በኤሌክትሪክ የማይሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑ ተነገረ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ሲለቀቅም ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ፣ የመኪና መለዋወጫ ጭምር፣ ዋጋው ዐየር ላይ ወጣ። ስለ እነዚህ ውሳኔዎች የኢኮኖሚ ምሁራን ይከራከሩባቸው፤ ለእኔ ዋናው ነገር ውጤታቸው ነው። ዛሬ በገጠር መንገዶቻችን ላይ እህል፣ ከብት፣ ውሃና ሕመምተኛ የሚያመላልሱት ፒካፖች ነገ በአዲስ አይተኩም። እነዚሁ አሮጌዎቹ ለብዙ ዓመታት አብረውን ይኖራሉ፤ አብረውን የሚኖሩ ከሆነ ደግሞ እንዴት እንደሚኖሩ ማወቅ ይገባናል።

እኔን ወደዚህ ሥራ ያስገባኝን አጋጣሚ ትንሽ ዘርዘር አድርጌ እንድነግራችሁ ፍቀዱልኝ፤ የምለው ሁሉ የሚያርፈው በእርሱ ላይ ነውና።

በ2014 ዓ.ም. በጥቅምት ወር ስምንት ኩንታል ሽንኩርት ጭኜ ደብረ ሲናን አልፌ ዳገቱን በመውጣት ላይ ሳለሁ የሙቀት መለኪያው ወደ ቀዩ መሥመር ተጠጋ። መኪናዋን ዳር አስይዤ ኮፈኑን ስከፍት ከራዲያተሩ የሚተርፈውን ውሃ የሚይዘው የፕላስቲክ ዕቃ ሞልቶ እየፈላ ይፈስ ነበር። እስኪበርድ ድረስ ከአንድ ሰዓት በላይ ጠብቄ፣ ውሃ ጨምሬ፣ ሁለት ጊዜ እያረፍኩ ማታ ቤቴ ገባሁ። በማግሥቱ የሄድኩበት ጋራዥ ለጥቂት ደቂቃ ከተመለከታት በኋላ ቴስታታው (ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚከድነው ብረት) ተሰንጥቋል፣ ሞተሩ መውረድ አለበት አለኝ። የጠየቀኝ የእጅ ዋጋና የዕቃ ግምት ተደምሮ ከሦስት ወር ጡረታዬ ይበልጥ ነበር። መሰንጠቁን በምን እንዳወቀ ስጠይቀው በልምድ መሆኑን ነገረኝ።

ገንዘቡ ስላልነበረኝ መኪናዋን ወደ ቤት መለስኳት። እውነቱን ለመናገር ያስቆመኝ ጥበብ ሳይሆን የገንዘብ እጦት ነበር። ቤት ከገባሁ በኋላ ግን ለሠላሳ ዓመት ተማሪዎቼን ስጠይቃቸው የኖርኩትን ጥያቄ ራሴን ጠየቅሁ፦ ቴስታታው በእርግጥ ተሰንጥቆ ቢሆን ምን ምልክት መታየት ነበረበት? የሲሊንደሩ ግፊት በስንጥቁ አልፎ ወደ ውሃው ስለሚገባ በራዲያተሩ አፍ ላይ አረፋ መታየት ነበረበት። ውሃው ወደ ዘይቱ ገብቶ ከሆነ ዘይቱ ቡና በወተት መምሰል ነበረበት። ውሃው ወደ ሲሊንደሩ ገብቶ ከሆነ ደግሞ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማያቋርጥ ነጭ ጭስ በጭስ ማውጫው መውጣት ነበረበት። በማግሥቱ ማለዳ፣ ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ቀዝቅዞ ሳለ፣ የራዲያተሩን ክዳን ከፍቼ አስነሣሁና ለረጅም ጊዜ ተመለከትኩ። አረፋ አልነበረም። የዘይት መለኪያውን ዘንግ አወጣሁ፤ ዘይቱ ጥቁር እንጂ ወተት የቀላቀለ አልነበረም። ጭሱም እንደ ወትሮው ነበር። ያን ጊዜ በእጄ የያዝኩትን የራዲያተር ክዳን ገልብጬ አየሁት፤ ላስቲኩ ደርቆ ዙሪያውን ተሰነጣጥቋል፣ ስፕሪንጉም በአውራ ጣት ስጫነው ያለ ምንም ጉልበት ይወርዳል።

ይህ ክዳን የማሰሮ ክዳን አይደለም፤ ግፊት ይዞ የሚያቆይ ቫልቭ ነው። ብዙዎቻችን ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል ብለን ተምረናል፤ ይህ ግን በባሕር ጠለል ላይ ነው። በደብረ ብርሃን ከፍታ የአየሩ ግፊት ስለሚያንስ ውሃ 90 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል፤ ጣርማ በር ላይ ደግሞ ከዚያም ዝቅ ይላል። ባልና ሚስት ለምሳ ሽሮ ሲያፈሉ ይህ ልዩነት ብዙ ላያሳስባቸው ይችላል፤ ተጭኖ ዳገት የሚወጣ የናፍጣ ሞተር ግን ዘወትር የሚሠራበት ሙቀት ራሱ ከ80 ዲግሪ በላይ ስለሆነ፣ በእኛ ደጋ ላይ ከመፍላት የሚለየው ጥቂት ዲግሪ ብቻ ነው። ያን ልዩነት የሚያሰፋው ክዳኑ ነው። በላዩ 0.9 የሚል ቁጥር የተጻፈበት ጤነኛ ክዳን በራዲያተሩ ውስጥ በባሕር ጠለል ካለው የአየር ግፊት ጥቂት ብቻ የሚያንስ ተጨማሪ ግፊት ስለሚይዝ፣ በደብረ ብርሃንም ቢሆን ውሃው 110 ዲግሪ አልፎ ካልሆነ አይፈላም። የሞተ ክዳን የያዘ መኪና ቆላ ላይ ያለ ችግር እየሠራ ደጋ ላይ ሲደርስ የሚፈላውም በዚሁ ምክንያት ነው። በደጋው አገራችን ክፍል ስንት ደኅና ሞተር በዚህ ሰበብ ሳይወርድ እንዳልቀረ ሳስብ ልቤ ያዝናል።

አዲስ ክዳን ገዛሁ፤ ዋጋው አንድ ኩንታል ፉርሽካ አይገዛም። ራዲያተሩ ውስጥ የከረመውን የቧንቧ ውሃና ዝገት አፍስሼ፣ ደጋግሜ አጥቤ፣ ፀረ ዝገት ያለውን የራዲያተር ፈሳሽ ከተጣራ ውሃ ጋር እኩል በእኩል ቀላቅዬ ሞላሁ። በሳምንቱ ያንኑ ጭነት ጭኜ ያንኑ ዳገት ስወጣ መለኪያው ከመሐል ንቅንቅ አላለም። ቴስታታው እስከ ዛሬ አልተነካም።

የዚያ ጋራዥ ባለሙያ ሊያታልለኝ ፈልጎ ነው አልልም። በዚህ ዓይነት ሞተሮች ላይ ሙቀት የሰነጠቃቸው ቴስታታዎች በርግጥ ብዙ ናቸው፤ እርሱም በየሳምንቱ ስለሚያይ ያየውን መሰለው። ልዩነቱ ያለው እኔ ጋ ነው። መካኒክ መኪናዬን የሚያያት በዓመት ጥቂት ሰዓታት ሲሆን፣ ከጀርባው ተሰልፈው የሚጠብቁት ሌሎች አምስት መኪኖች አሉበት። እኔ ግን ድምፅዋን በየቀኑ እሰማለሁ፤ ትናንት ያልነበረ ሽታ፣ ባለፈው ሳምንት ያልነበረ የዘይት ጠብታ፣ ካለፈው ወር የዘገየ አነሣስ ሁሉ በመጀመሪያ የሚደርሰው ለእኔ ነው። ይህን የማየት ዕድል ይዤ ማየት ካልቻልኩ ግን ዕድሉ ከንቱ ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ደብተር ይዣለሁ። በግራ በኩል ቀንና የኪሎ ሜትር ንባብ፣ በቀኝ በኩል የተሠራው ሥራ፣ የገባው ዕቃና ዋጋው ይሰፍርበታል። ይህ ደብተር ከማንኛውም ቁልፍ ይበልጥ ጠቅሞኛል። ለምሳሌ በዚህ ሞተር ላይ የቫልቮቹን ዘንግና ፖምፓውን አቀናጅቶ የሚያዞረው የጥርስ ቺንጋ በ100,000 ኪሎ ሜትር መለወጥ አለበት፤ ጊዜው ሲደርስም በዳሽቦርዱ ላይ ማስታወሻ መብራት ይበራል። ነገር ግን መብራቱ ቺንጋው ሳይለወጥም ሊጠፋ ስለሚችል፣ ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰው መብራት አለመብራቱን አይቶ መተማመን የለበትም። እኔ ስገዛት ሻጩ ቺንጋው ተለውጧል ብሎኝ ነበር፤ ማስረጃ ግን አልነበረውም። ደብተሩን በጀመርኩበት ወር በባለሙያ አስከፍቼ ሳየው ጠርዙ ተቆራርጦ ጥርሶቹ መሰንጠቅ ጀምረው ነበር። ያ ቺንጋ በመንገድ ላይ ቢበጠስ ፒስቶኑና ቫልቩ ተገናኝተው ሞተሩን ያበላሹት ነበር።

ባለቤት በገዛ እጁ ሊሠራቸው ከሚችሉት ሥራዎች ውስጥ በእኛ አገር ሁኔታ ትልቁን ቦታ የምሰጠው ናፍጣን ከውሃ ለመጠበቅ ለሚደረገው ነው። ናፍጣ ከማደያ ሲጠፋ ሁላችንም ከጄሪካን መግዛታችን አይቀርም፤ በጄሪካን ውስጥ ደግሞ ውሃና ዝቃጭ አለ። ውሃ ከናፍጣ ስለሚከብድ በፊልትሮው ሥር ይጠራቀማል፤ አምራቹም ይህን ዐውቆ ከሥሩ በእጅ የሚከፈት ማፍሰሻ፣ ከላይ ደግሞ በእጅ የሚጫን ትንሽ ፖምፓ አድርጎለታል። በአንድ ብርጭቆ ላይ ትንሽ ማፍሰስ፣ ከሥር የተለየ ውሃ ካለ ንጹሕ ናፍጣ እስኪመጣ መቀጠል፣ ማፍሰሻውን መዝጋት፣ ከዚያም የላይኛው ፖምፓ እስኪጠነክር ደጋግሞ መጫን ብቻ ነው። አሥር ደቂቃ አይፈጅም፤ ቁልፍም አይጠይቅም። ይህ ባለመደረጉ ውሃው አልፎ የሚያበላሸው የናፍጣ ፖምፓ ግን በሞተሩ ላይ ካሉት ውድ ዕቃዎች አንዱ ነው። በእኔ ግምት ይህን ማፍሰሻ ከፍተው የማያውቁ የፒካፕ ባለቤቶች ከሚያውቁት ይበዛሉ፤ መኖሩን የነገራቸው የለምና።

በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ በከተማችን ውርጭ ሲጥል መኪና እያስገፉ የሚያስነሡ ሰዎችን ማየት የተለመደ ነው። ብዙዎቹ ባትሪ ይለውጣሉ፤ ባትሪው ግን ብዙ ጊዜ ደኅና ነው። ጥፋቱ ያለው በየሲሊንደሩ ገብተው አየሩን አስቀድመው የሚያሞቁት ካንዴሌታዎች ላይ ነው። የሚያያይዛቸውን ቀጭን ብረት ፈትቶ፣ አንድ ጫፉ ከባትሪው ፖዘቲቭ ጋር የታሠረ ትንሽ የመሞከሪያ አምፖል የእያንዳንዱን ካንዴሌታ ጫፍ ማስነካት በቂ ነው። አምፖሉ ከበራ ካንዴሌታው ደኅና ነው፤ ካልበራ ተቃጥሏል። በመኪናዬ ላይ ከአራቱ ሦስቱ ሞተው አግኝቼአለሁ።

ዘይት መለወጥን ሁሉም ሰው እንደ ቀላል ይቆጥረዋል፤ እኔም ቆጥሬው ተሳስቻለሁ። በመጀመሪያው ሙከራዬ የማፍሰሻውን ብሎን እንዳያፈስ ብዬ ከልክ በላይ በማጥበቄ ጥርሱን በላሁት፤ ቶርኖ ቤት ወስጄ አዲስ ጥርስ ለማስወጣት የከፈልኩት ገንዘብ የሁለት ጊዜ የዘይት ቅየራ የእጅ ዋጋ ያህል ነበር። ብሎን የሚጠብቀው በጉልበት ሳይሆን በልክ መሆኑን ያስተማረኝ መጽሐፍም ሰውም አልነበረም። ዛሬ በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ፣ ሞተሩ ለብ ባለበት ሰዓት፣ ዘይቱንና የዘይት ፊልትሮውን አንድ ላይ እለውጣለሁ፤ የፊልትሮውን ላስቲክ በአዲስ ዘይት አርሼ በእጅ ብቻ አጠብቀዋለሁ። የወጣውን ዘይት በተመለከተ ግን ከልቤ የምለምነው ነገር አለ። በየሰፈሩ የተቃጠለ ዘይት ወደ ቦይ ሲደፋ ወይም ምስጥ እንዳይበላው ተብሎ የአጥር እንጨት ሲቀባበት እናያለን፤ ያ ዘይት መጨረሻው ልጆቻችን የሚጠጡት የጉድጓድ ውሃ ነው። እኔ በጄሪካን አጠራቅሜ ዘይት ለሚሰበስቡ ሰዎች እሰጣለሁ፤ ማዘጋጃ ቤቶችም የተለየ የማስረከቢያ ቦታ ሊያዘጋጁልን ይገባል።

የመንጃውን ዘንግ የሚያገናኙትን ክሮቼራዎችና የባሌስትራውን (ጭነቱን የሚሸከመውን የተደራረበ ብረት) ማያያዣዎች ግሪስ መስጠት፣ የባትሪን ጫፎች ማጽዳት፣ የጎማን አየር መቆጣጠር ከዚህ ያነሰ ድካም ያላቸው ሥራዎች ስለሆኑ አልዘገይባቸውም። ስለ አየር ፊልትሮ ግን አንድ ቃል ልጨምር። ፊልትሮውን በአየር የምናስነፋ ሰዎች ሁልጊዜ ከውስጥ ወደ ውጭ ማስነፋት አለብን፤ ከውጭ ወደ ውስጥ የተነፋ አቧራ ወረቀቱ ውስጥ ይበልጥ ይሰገሰጋል፣ ጎማ ቤትም ይህን የሚነግረን የለም።

ወደ ፍሬን ስመጣ እጄ ጠንቀቅ ይላል። ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና የሚወርደው ጠመዝማዛ በፍሬን ብቻ የሚወረድ መንገድ አይደለም። የቀድሞ ሾፌሮች በወጣህበት ማርሽ ውረድ ይሉ የነበረው ፍሬኑ በመፋተግ ሲግል የፍሬን ዘይቱም አብሮ እንደሚግል ከኑሮ ስላወቁት ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል፤ እርጥበት የጠጣ ዘይት ደግሞ በሙቀት ቶሎ ስለሚፈላ በቧንቧው ውስጥ እንፋሎት ይፈጠራል፣ ፔዳሉም ሲረገጥ እስከ ታች ይሰምጣል። ስለዚህ በየሁለት ዓመቱ ዘይቱን ሙሉ በሙሉ እለውጣለሁ። ይህ ለብቻ የማይሠራ ሥራ ነው፤ ረዳቴ የመጨረሻ ልጄ ናት። እኔ የፍሬን ዘይቱን ወደየጎማው ከሚገፋው ከፍሬን ማስተሩ በጣም ከሚርቀው የኋላ ቀኝ ጎማ ጀምሬ ማስተንፈሻዋን ስከፍት እርሷ ፔዳሉን ትረግጣለች፣ ስዘጋ ትለቃለች፤ አረፋ የሌለው ንጹሕ ዘይት በላስቲክ ቱቦው ውስጥ እስኪታይ ድረስ፣ ማስተሩም ሳይጎድል፣ በየጎማው እንዲሁ እናደርጋለን። «አባዬ፣ ፔዳሉ ጠነከረ» ስትለኝ የሚሰማኝን እርጋታ በቃል ልገልጸው አልችልም፤ በማግሥቱ አብራኝ የምትወርደው እርሷ ናትና። ልምዱ የሌለው ሰው ግን የመጀመሪያውን ጊዜ ከባለሙያ ጋር ሆኖ እንዲሠራው፣ ሠርቶም ሜዳ ላይ ቀስ ብሎ ሳይሞክር ቁልቁለት እንዳይገባ አጥብቄ እለምናለሁ።

ሁሉንም ራሳችን እንሥራ የሚል አሳብ የለኝም። የናፍጣ ፖምፓንና ናፍጣውን ወደ ሲሊንደሩ የሚረጨውን ኖዝል ማስተካከል በመሣሪያና በልኬት የሚሠራ የባለሙያ ሥራ ነው፤ ከኖዝል የሚወጣው ናፍጣ ግፊቱ ቆዳ ቀዶ ሥጋ ውስጥ እስከ መግባት የሚደርስ ስለሆነ በጣት መሞከርም አደገኛ ነው። የጥርስ ቺንጋውን፣ ካምቢዮውንና ዲፈረንሺያሉን ለጋራዥ እሰጣለሁ። በከተማችን የምተማመንበት ወጣት መካኒክ አለ፤ መኪናዋን ስወስድለት «መምህር፣ ደብተሩን ይዘውልኛል?» ይለኛል። ደብተሩ ጊዜውን ስለሚቆጥብለት እኔም ዋጋው ይቀንስልኛል። በዕውቀት የሚቀርብ ደንበኛ ለሐቀኛ መካኒክ ሸክም አይሆንበትም። እግረ መንገዴን ደግሞ በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር ማንም ሰው እንዳይገባ አደራ እላለሁ። ክሪክ ያንሸራትታል፤ ድንጋይም በድንገት ይሰነጠቃል። እኔ ከወፍራም ባሕር ዛፍ የተቆረጡ አራት ጉማጆች አሉኝ፤ እነርሱ ሥሯ ሳይገቡና ጎማዎቹ ከፊትና ከኋላ ሳይታገዱ ጋደም አልልም።

የመለዋወጫው ጉዳይ ሌላው ቁስላችን ነው። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ስሄድ ያገለገለ ኦሪጅናል ዕቃ ከአዲስ ፎርጅድ ዕቃ የሚበልጥበት ብዙ ጊዜ እንዳለ ተምሬአለሁ፤ ነገር ግን ይህን ለመለየት የሚያበቃው ዕውቀት ከካርቶኑ ላይ አይገኝም። አሮጌውን ዕቃ ይዞ መሄድ፣ ክብደቱን በእጅ ማመዛዘን፣ የላስቲኩን ልስላሴ መዳሰስ፣ በብረቱ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር ማመሳከር ያስፈልጋል። ለፍሬንና ለመሪ የሚሆን ዕቃ ግን በምንም ዓይነት ርካሽ ዋጋ ያገለገለ እንዳንገዛ እመክራለሁ። በተመሳሳይ ካርቶን ተመሳሳይ ስም ጽፎ ፎርጅድ የፍሬን ሸራ የሚሸጥ ነጋዴ ቁልቁለት ላይ የሚሆነውን ቢያስብ ኖሮ አይሸጠውም ብዬ አምናለሁ፤ ተቆጣጣሪው አካልም ዋጋን ብቻ ሳይሆን ጥራትን እንዲከታተል እጠይቃለሁ።

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልምጣ። ከላይ የጻፍኩትን ሁሉ የተማርኩት አንድም ከስሕተት፣ አንድም ከመኪናዬ ጋር ያልመጣ በእንግሊዝኛ የተጻፈ የጥገና መጽሐፍ ቅጂ ተውሼ በመዝገበ ቃላት እየታገዝኩ በማንበብ ነው። ጎረቤቴ የሆነው አርሶ አደር ባለ ፒካፕ ይህን ሊያደርግ አይችልም፤ ሊጠየቅም አይገባም። በየከተማው የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች አሉን፤ የመኪና ጥገና ክፍል፣ መምህርና ወርክሾፕም አላቸው። ከእነዚህ ወርክሾፖች አንዳንዶቹ ቅዳሜና እሑድ ይዘጋሉ። ለመኪና ባለቤቶች በስድስት ወይም በስምንት ቅዳሜዎች የሚጠናቀቅ አጭር ሥልጠና ቢያዘጋጁ፣ ተገቢውን ክፍያ ቢያስከፍሉም እንኳ፣ ቦታ እንደሚሞላ አልጠራጠርም። ኮሌጆቹ ከዚህ ጋር በአገራችን በብዛት ለሚሠሩት ጥቂት የፒካፕ ዓይነቶች ከሠላሳ ገጽ የማይበልጥ፣ ሥዕል ያለው የአማርኛ መመሪያ ማዘጋጀት ይችላሉ። በመመሪያው ውስጥ ፍሪሲዮንን ፍሪሲዮን፣ ክሮቼራን ክሮቼራ ብለው በጋራዥ በምንጠራበት ስም ይጻፉት እንጂ ማንም በማያውቀው አዲስ ቃል እንዳይተኩት እለምናለሁ፤ ከጣሊያንኛ የወረስናቸው እነዚህ ቃላት ከመካኒኩም ከዕቃ ሻጩም ጋር የምንግባባባቸው የእኛው ቃላት ሆነዋል። የተሽከርካሪ ዓመታዊ ምርመራ የሚያደርጉ ተቋማትም መኪናችን አለፈ ወይም ወደቀ ከማለት ባሻገር የታየውን ጉድለት በግልጽ አማርኛ በጽሑፍ ቢሰጡን፣ ቦሎ የምንለጥፍበት ቀን የምንማርበትም ቀን ይሆንልን ነበር።

ከእናንተ ከአዘጋጆቹ ደግሞ በሳምንት አንዴ የጋዜጣችሁን ሩብ ገጽ ለዚህ ጉዳይ እንድትሰጡ እጠይቃለሁ። በዓምዱ ላይ የጋራዥ ባለሙያዎች እንዲጽፉ፣ አንባቢያንም ያጋጠማቸውን እንዲያካፍሉ ቢደረግ ብዙ ሞተር ሳይወርድ ይተርፋል። የእኔ ደብተር እስካሁን መቶ አርባ ገጽ ሞልቷል፤ የተሳሳትኩባቸው ቦታዎች ሳይሰረዙ እንዳሉ ናቸው። ለዓምዱ ይጠቅማል ካላችሁ ቅጂውን በራሴ ወጪ አባዝቼ ለመላክ ዝግጁ ነኝ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
ጡረታ የወጡ መምህር፣ ከደብረ ብርሃን